ለኮሌታ የተነገረ ፍቅር

ጭምቷ ይሉኛል። ሰፈሩም፣ ደንበኛውም፣ አክስቴም። አንገቷን ደፍታ ስትተኩስ የምትውል፣ ቃል የማይወጣት ልጅ ናት ይላሉ። ይበሉ! አፌን ስላልከፈትኩ ምላስ ያልፈጠረብኝ መስሏቸው ነው። ሆድ ይፍጀው እያልኩ ብዙ ቻልኩ፤ አሁን ግን ሆዴም ሞልቷል፣ ሌላ የሚይዝበት ቦታ የለውም።

የምሠራው አክስቴ ላውንደሪ ውስጥ ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። ሱቁ ከፊት፣ ቤታችን ከጀርባ፣ በመሀል አንድ መጋረጃ። እቴቴ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ባንኮኒው ጋ ልብስ ትቀበላለች፣ ቀለም የሚለቀውን ከማይለቀው ትለያለች፣ በተረፈ ጊዜዋ ከደንበኛ ጋር ትጨቃጨቃለች። ጓሮ በኩል አጣቢያችን አሉ፤ ለማጠቢያ ማሽኖቹ እንደ ሰው ስም አውጥተው ሲሳደቡ የሚውሉ ትልቅ ሴት ናቸው። የእኔ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ነው። ሸሚዝ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ትከሻውን፣ ቀጥሎ እጅጌውን፣ ከዚያ ጀርባና ፊቱን እተኩሳለሁ። ኮሌታውን መጨረሻ ላይ። ሌላ ተኳሽ ብትጠይቁ ኮሌታ ይቀድማል ትላችኋለች፤ ልክም ናት። እኔ ወደ መጨረሻ የማስቀረው ኮሌታ ስለሚያናግረኝ ነው።

እንዲህ ስል እንደ እብድ አትዩኝ። እናቴም እንደዚሁ ነበረች። ሰው ልብስ ለብሶ ጮክ ብሎ የተናገረውን ነፋስ ይወስደዋል። የተንሾካሾከው ግን ኮሌታው ላይ ይቀራል። ሳሙና እድፍ ያወጣል እንጂ ሹክሹክታ አያወጣም። ካውያው ሲያልፍበት ከእንፋሎቱ ጋር ብድግ ይላል፤ በለበሰው ሰው በራሱ ድምፅ፣ አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ይጠፋል። ተማሪው ሁሉ የሚንቀጠቀጥለት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አለ፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የሚለው "እማዬ፣ ደከመኝ" ነው። የጥርስ ሐኪሙ ጋዋን ደግሞ "ኧረ ይቺን ጥርስስ እኔም ፈራኋት!" ብሎ ብቻዬን አስቆኝ ያውቃል። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ግን "አሁን ብሸሽ ይደርሱብኝ ይሆን?" አለኝ፤ ያን ቀን ምሳም አልበላሁ።

እናቴ ልትሞት ስትል "የሰማሽውን ዋጪው" አለችኝ። ዋጥኩት። ይህን ጉድ የሚያውቁት እቴቴና ልጇ ብቻ ነበሩ። እነሱም የራሳቸውን ልብስ እኔ ጠረጴዛ ላይ አያወጡም፤ ጓዳ ገብተው ራሳቸው ይተኩሱታል። "አንቺን እንዳናደክም ብለን ነው" ትላለች እቴቴ። እኔም አምኜ አመሰግናት ነበር፣ ሞኟ!

የእቴቴን ልጅ ቅምጥሏ ብለው የሰየሟት አጣቢያችን ናቸው፤ አፋቸውን ይባርከውና ልክክ አድርገው ነው ያወጡላት። እኩያዬ ናት። ትራስ ተሻምተን ነው ያደግነው፣ ያው አንድ አልጋ ላይ። እሷ ፋርማሲ ትማራለች፣ ልትመረቅ ደርሳለች፤ ለእቴቴ የዓይኗ ብሌን ናት። እኔም እወዳት ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ። ፀጉሯን የምሠራላት እኔ፣ ፈተና ሲያስጨንቃት ጀርባዋን የማሽላት እኔ። "እህትዬ" ስትለኝ ያላደርገው ነገር አልነበረም።

ከሱቃችን ጎን መስታወት ቤት አለ። እዚያ መስታወት የሚቆርጠውን ልጅ ስንጥር ይሉታል፤ ቀጭን ነው፣ ደግሞ "አንዴ ከገባ አይወጣም" እያሉ ይቀልዱበታል። ቅምጥሏ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያ በር ላይ መቆም ጀምራ ነበር። አንድ ቀን እቴቴ ደረሰችባት።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"መስታወት እያየሁ ነዋ።"

"ቤትሽ መስታወት የለም?"

"የእነሱ ቀጭን አድርጎ ያሳያል።"

እኔ በሳቅ ፍርስ አልኩ። እቴቴ ግን አልሳቀችም። "ፋርማሲ የማስተምርሽ ለመስታወት ቆራጭ ልድርሽ አይደለም! ሁለተኛ እዚህ በር ላይ ባይሽ እግርሽን ነው የምሰብረው!" ብላ ክንዷን ይዛ እየጎተተች አስገባቻት። ቅምጥሏም ሁለተኛ እዚያ አልታየችም። ነገሩ በዚያው የሞተ መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ስንጥር ሸሚዞቹን በፌስታል ይዞ ወደ እኛ መጣ። "እትዬ፣ ስብርባሪ እንዳይወጋችሁ በደንብ አራግፌዋለሁ" አላት እቴቴን። ምኑን አራገፈው! አጣቢያችን ጣታቸውን ተወግተው ሲራገሙት ዋሉ። ሸሚዙ እኔ ዘንድ ሲደርስ እንደ ልማዴ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ጀርባ ብዬ ኮሌታው ላይ ካውያውን አሳረፍኩ።

"ያቺ መስኮቱ ሥር የምትሠራዋ ልጅ..." አለ ኮሌታው፣ "ምን ብዬ ነው የማናግራት?"

ካውያውን ብድግ አደረግኩት። ዞር ብዬ አየሁ። መስኮቱ ሥር ከእኔ በቀር ማንም የለም፣ ማን ይኖራል ደግሞ!

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሸሚዝ መጣ። "ጣቶቿን አየኋቸው" አለ። "ጠባሳ በጠባሳ ናቸው። አይዞሽ የሚላት ሰው ያላት አይመስለኝም።" እውነቱን ነበር። ካውያ በላሰኝ ቁጥር ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ሥራዬን እቀጥላለሁ እንጂ ማን አይዞሽ ብሎኝ ያውቃል?

እስቲ ፍረዱኝ። አንድ ወንድ ፊት ለፊት መጥቶ "ቆንጆ ነሽ" ቢለኝ "ሂድ ወዲያ፣ ቀልደኛ!" ብዬ አባርረው ነበር። ይሄ ግን በአፉ ምንም አላለኝም። ልብሱን ይሰጣል፣ ይቀበላል፣ አቀርቅሮ ይሄዳል። ሰው ለብቻው ሆኖ፣ ለራሱ ኮሌታ እያንሾካሾከ የሚዋሽ አይመስለኝም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ሹክሹክታ ሁሉ እውነት ነበር። እንዲያውም የሰውን እውነት ለማወቅ አፉን ትቼ ልብሱን መጠበቅ ነበር ልማዴ። ልማዴ ጉድ ሠራኝ። ወደድኩት፤ እህል አስጠላኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ካውያውን ይዤ ለብቻዬ ፈገግ ስል አጣቢያችን "ይቺ ልጅ እንፋሎቱ ራሷ ላይ ወጣ እንዴ?" አሉ።

የሰማሁትን አለመናገር ሕጌ ነበር። ይሄኛው ግን የራሴው ነገር ነው ብዬ ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ፣ ለእህቴ ለቅምጥሏ። አልጋችን ላይ ተቀምጣ እቅፍ አደረገችኝ።

"ከዚያስ? ከዚያስ ምን አለ?" አለችኝ።

"ስለ ጣቴ አለ።"

"ወይኔ! ደስ አለሽ?"

"ሞትኩ እንጂ ደስ ማለት ብቻ!"

"ሌላ ምን እንዲልሽ ትፈልጊያለሽ ግን? ንገሪኝ እስቲ፣ እኔ አይደለሁ እንዴ!"

ነገርኳት። የራሴ የሆነ በር እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ አልኳት፣ ከውስጥ ቆልፌ የምተኛበት። እንዲህ አይነቱን ነገር ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ቀጥሎ የመጣው ሸሚዝ "አንድ ክፍል እከራይና መስኮቱን በእጄ እሠራላታለሁ፤ በሩን እሷ ትቆልፈው" አለኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የልቤን ያለማንም ነጋሪ ያወቀልኝ፣ የእኔው ዕድል ነው ብዬ።

በኋላ ስንጥር ደፈር ብሎ አናገረኝ። ለእቴቴም ነገራት። እኔ የምትጮህበት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ፊቷ በራ፤ "ጨዋ ልጅ ነው፣ እጁ ሙያ አለው" አለች። ለልጇ እግር የሚያሰብረው ሙያ ለእኔ ሲሆን እንዴት ጨዋ እንዳደረገው አልጠየቅኩም። የወደደ ሰው ምን ይጠይቃል? ቤታችን መግባት ጀመረ። እቴቴ ለወግ ያህል ብቻችንን እንዳንሆን ብላ ከመሀላችን ጠባቂ አስቀመጠችብን። ጠባቂዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ቅምጥሏ! ሦስት ሆነን ተቀምጠን እሱ ቀልድ ያወራል፣ እሷ ትስቃለች፣ እኔ ደግሞ እህቴና ወዳጄ ተስማሙልኝ ብዬ ሻይ አመላልሳለሁ።

እናቱ እሁድ መጥተው ሊያዩኝ ተቀጠረ። ክፍሉን አግኝቼዋለሁ፣ ከእሁድ በኋላ እንከራየዋለን አለኝ። እኔም በሐሳቤ መጋረጃ ሰቅዬ፣ አልጋውን የት እንደማደርገው ወስኜ ጨርሼ ነበር። ከዚያ ቤት ወጥቼ የራሴን በር የምቆልፍበት ቀን እሁድ ማግስት ነው ብዬ ነበር የምኖረው።

በዚያ ሳምንት ዝናቡ አይጣል ነበር። ስንጥር ግራጫ ኮቱን አምጥቶ "ለእሁድ ይድረስልኝ፣ እናቴ ፊት የምለብሰው ነው" አለኝ። ታጠበ፣ ደረቀ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ወጣ። የእሁድ ኮት ነውና እርጥብ ጨርቅ ደርቤበት፣ ቀስ አድርጌ፣ እንደ ሕፃን ነው የያዝኩት። ኮሌታው ጋ ስደርስ ጆሮዬን ጠጋ አደረግኩ።

የሴት ድምፅ ነበር።

"ዝናቡ በረታ፣ ጠጋ በለኝ" አለች። "እናትህ መጥተው ካዩዋትማ እንደ ልብህ ትገባለህ፣ እማዬም አትጠረጥርም። እስክመረቅ ነው፣ ቻለው። ስለ ጣቷ አትድገም፣ ብለኸዋል። ዛሬ ስለ ዓይኗ በል። ዓይኗን ማንም አመስግኖላት አያውቅም... ምስኪን፣ ታምናለች።" ከዚያ ሳቀች። ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ አፍን ይዞ የሚሳቅ ሳቅ።

ያንን ሳቅ የማላውቀው ይመስላችኋል? ከልጅነታችን ጀምሮ እቴቴ እንዳትሰማን ትራስ ውስጥ አብረን የሳቅነው ሳቅ ነው። ዝናብ ይዟቸው ኮቱን አልብሷት ኖሯል። ኮቱ የእሱ ስለሆነ የሚናገረውም እሱን ብቻ መስሏቸው። ልብስ የሚናገረው የለበሰውን ነው እንጂ ባለቤቱን መች ያውቃል!

 ካውያውን ከኮቱ ላይ አነሳሁ። ክፍሉ፣ በሩ፣ ቁልፉ፣ ሁሉም ከአልጋችን ላይ ከእኔው አፍ ተለቅሞ፣ ከኮሌታው ምስጢር ጋር ለእሱ ተሰጥቶ፣ በኮሌታ ተመልሶ የመጣልኝ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ስሰማ የፈረስ ነገር ይመስለኝ ነበር። የእኔው ፈረስ ግን አጠገቤ የሚተኛ፣ ፀጉሩን የምሠራለት ነበር። እሱንስ እሺ፣ ባዳ ነው። እሷን ግን! እሷን ምን አደረግኳት?

ኮቱን ተኩሼ ጨረስኩ። አዎ፣ ጨረስኩ። ሥራዬን አላበላሽም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ስንጥር ኮቱን ሊወስድ መጣ። ቅምጥሏም ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን እንደያዘች ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ነበር። እቴቴ ጓሮ ናት። ኮቱን ከመስቀያው አውርጄ ዘረጋሁለት።

"ልበሰው" አልኩት።

"አሁን?"

"አሁን። ልክህ መሆኑን ልይ።"

ለበሰው። አማረበት ደግሞ፣ ምን ያደርጋል!

"እንግዲህ በለው" አልኩት። "ስለ ዓይኔ ልትለው የነበረውን። በኮሌታህ አይደለም፣ እዚህ ቆመህ፣ ዓይኔን እያየህ፣ ጮክ ብለህ በለው።"

ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ ከንፈሩ እምቢ አለው። ወደ እኔ ማየት ሲገባው ወደ እሷ አየ። በዚህች አንዲት አስተያየት ነገሩ ሁሉ አለቀ። እኔም ኮቱ ያለኝን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳልጥል አልኩላቸው፣ በእሷው ቅላጼ። "ምስኪን፣ ታምናለች" ስል የቅምጥሏ ደብተር ከእጇ ወደቀ።

"እህትዬ..."

"እህትዬ አትበይኝ!" ብዬ ጮህኩ። ጭምቷ ጮኸች! 

"ክፉ አስበን አይደለም እኮ" አለች እያለቀሰች። "እማዬ መግቢያ መውጪያ አሳጣችን። ሌላ መንገድ አልነበረንም። ደግሞ አንቺም... አንቺም እኮ ደስ ብሎሽ ነበር! እንዲህ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም ነበር።"

ከሁሉ ከሁሉ ይቺ ንግግሯ ናት የገደለችኝ። እውነት ናታ! በሕይወቴ እንዲያ ከልቤ የሳቅኩት እነሱ ሲያሾፉብኝ ነው።

"አንተስ?" አልኩት። "የምትለው የለህም?"

"ሁሉም ውሸት አልነበረም" አለ ስንጥር፣ መሬት መሬት እያየ። "ጣትሽ... እሱ አሳዝኖኝ ነበር።"

"አሳዘንኩህ! እግዜር ይስጥልኝ፣ ሂድልኝ" አልኩት።

እቴቴ ጩኸቱን ሰምታ እጇን በጋዋኗ እየጠረገች ገባች። ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም፤ ሁለቱ ፊታቸው ላይ ጽፈውት ቆመዋል። ጉድ ሆነ። ልጇን በጥፊ አጮለቻት፣ ስንጥርን "ውጣ! አንተ ሌባ! ከደጄ ውጣ!" እያለች በመስቀያ አባረረችው። ቅምጥሏ እሪ እያለች መጋረጃውን ገልጣ ወደ ጓዳ ሮጠች። ከዚያ እቴቴ እኔን እቅፍ አደረገችኝና "እኔ ልሙትልሽ! እኔ ልደፋልሽ! የእህቴ አደራ፣ ምን አደረጉብኝ አንቺን!" እያለች አለቀሰች። ትከሻዋ ላይ ተደፍቼ ላለቅስ ፈለግኩ። ከዓለም የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ግን ያ ለልጇ እግር የሚያሰብረው፣ ለእኔ ሲሆን ጨዋ የሆነው ሙያ ትዝ አለኝ። 

"እቴቴ፣ አንቺስ አታውቂም ነበር?"

"እኔ? እኔማ በምን አውቄ! እናትሽ ትሙት... ሞታለች ለካ! እኔ እንዲህ ድፍት ልበል፣ አላውቅም!"

"እሺ፣ ጋዋንሽን አውልቂልኝ።"

እጇ ከትከሻዬ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። "ምን ልታደርጊው ነው?" አለችኝ።

"አንድ ጊዜ ልተኩሰው።"

"ቆሻሻ ነው እኮ፣ አልታጠበም።"

"ግድ የለም።"

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች። ስትፈታ ወደ እኔ አታይም ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። ትከሻ የለ፣ እጅጌ የለ፣ ካውያውን በቀጥታ ኮሌታው ላይ አሳረፍኩት። እንፋሎቱ ብድግ አለ። የእቴቴ ድምፅ ነው፤ ከአጣቢያችን ጋር ጓሮ ቆማ የምታንሾካሹክበት ድምፅ።

"እንኳን ከልጄ ላይ ዘወር አለልኝ! ለእሷማ መስታወት ቆራጭ አይሆናትም። ለዚህችኛዋ ግን ምን አነሳት? እናት የላት፣ አባት የላት፣ ይበቃታል። የመጣላትን ይዛ ትውጣልኝ።"

አለቀ። ካውያውን ቦታው ላይ አስቀመጥኩት። እቴቴ ማዶ ቆማ እጆቿን አጣምራ ፊቴን ታጠናለች። ምላሷ ቢምልም ልቧ ምን እንደተናገረች ያውቃል። የመስኮቱ ብርሃን ላይ ሆና ቀለሟ ሲለዋወጥ ይታየኛል።

"ምን አለሽ?" አለችኝ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት። ታርመኝ እንደሆነ ልያት ብዬ፣ "የኔው ልጅ ናት፣ ከልጄ አልለያትም፣ ይላል" አልኳት።

ይዛው የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀችው። "ታዲያስ!" አለች፣ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች። "ታዲያ ሌላ ምን ልትሰሚ ነበር፣ የኔ ሞኝ!" ጋዋኗን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሳች፣ ግንባሬን ሳመችኝና ልጇን ልታባብል ወደ ጓዳ ገባች።